ላፕቶፑ አይችልም ከመባሉ በፊት

«ይሄ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ፎር ኬ አይችልም።» አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ወደሚሸጥበት ወይም ወደሚጠገንበት ቤት ጎራ ብላችሁ አዲሱ ትልቅ ሞኒተራችሁ አልታዘዝ እንዳላችሁ ብትናገሩ፣ ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት መልስ ይሄ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ በሙሉ እርግጠኝነት ይነገራል። ተከትሎት የሚመጣው ምክርም ያው የታወቀ ነው፤ «ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዛ» ይባላል። ችግሩ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አለመሆኑ ነው። ስህተቱ ደግሞ በነፃ አይደለም፤ ሰውን ያላሰበውን ብር ያስወጣል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው እንጂ የኮምፒውተር ምህንድስና አይደለም። ግን የምተዳደረው በጽሑፍና በዳታ ሥራ ስለሆነ ቀኔን ሙሉ የማሳልፈው ስክሪን ፊት ነው። በዚያ ላይ አንድ ነገር «አይቻልም» ሲባል «ለምን? ማነቆው የቱ ጋ ነው?» የማለት አመል አለብኝ። ማነቆ የምትለዋን ቃል ከዩኒቨርሲቲ ይዤያት የወጣሁ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙዎቹ ቀመሮች ይልቅ የጠቀመችኝ እሷ ናት።

ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነገር ሲያሳየን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንዱ ምስሉን ማዘጋጀት ነው፤ የትኛው ነጥብ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው የሚለውን ማስላት። ሌላው የተዘጋጀውን ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ እያነበቡ በኬብሉ በኩል ወደ ሞኒተሩ መላክ ነው። ጌም ስትጫወቱ ወይም የሕንፃ ዲዛይን በስሪ ዲ ስታዞሩ ከባዱ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ገንዘቡን የሚያወጣውም እዚያ ጋ ነው። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ፣ ብሮውዘር ሲሆን ግን ምስሉ አብዛኛውን ሰዓት ባለበት ይቆማል። የሚዘጋጅ ነገር ብዙም የለም፤ የቀረው መላኩ ብቻ ነው። ቡናውን አምርቶ መጋዘን ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ጠቦ መኪና ቢሰለፍ ገበሬውን «አንተ ማምረት አትችልም» አንለውም። ላፕቶፖቻችን ላይ የምንፈርደው ግን ልክ እንደዚያ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው፤ ቁጥር ካላየሁ አልረካም። ተራው ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ወይም ፒክስል ይሆናል። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400 ፒክስል፣ ልክ አራት እጥፍ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም 24 ቢት ይዘን በሰከንድ 60 ጊዜ ብንልከው 12 ጊጋቢት በሰከንድ ገደማ ይሆናል። በየመስመሩና በየምስሉ መካከል አብሮ የሚላከው የማይታይ ክፍተት ሲጨመርበት፣ በኤችዲኤምአይ ደንብ ከ14 ጊጋቢት ያልፋል። መንገዱ ላይ የሚጫነው ሸክም ይሄ ነው።

ማምረቻውስ? አንድ ሙሉ የፎር ኬ ምስል ራም ላይ 33 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ፣ ሻጮቹ «ኢንቴግሬትድ» የሚሉት፣ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚጠቀመው የላፕቶፑን ራም ነው። ያንን 33 ሜጋባይት በሰከንድ 60 ጊዜ ሲያነበው ወደ 2 ጊጋባይት ይመጣል። ዲዲአር 4 ሆኖ 2400 የሚል አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ላፕቶፕ በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ ሞኒተሩን መመገብ የሚወስደው ከራሙ አቅም አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ከባድ አይደለም፤ ምንም አይደለም ለማለት ግን አይቻልም። ዩዝድ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ራም ሆኖ ስለሚሸጥ፣ ሁለተኛ ራም ሲጨመርለት መተላለፊያው እጥፍ ይሆናል። ኢንቴግሬትድ ግራፊክስ ላይ ከዚህ የሚሻል ርካሽ መድኃኒት አላውቅም።

እንግዲህ ማነቆው ማምረቻው ላይ ካልሆነ መውጫው ላይ ነው። በላፕቶፑ ጎን ያሉት ቀዳዳዎች እኩል አይደሉም። ኤችዲኤምአይ የሚባለው መሰኪያ ከውጭ ሲታይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በውስጡ ግን ብዙ ትውልድ አለው። በ2009 የወጣው 1.4 በሰከንድ 10.2 ጊጋቢት ይሸከማል። በ2013 የወጣው 2.0 ወደ 18 አሳደገው፤ በ2017 የመጣው 2.1 ደግሞ 48 አደረሰው። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) የ1.4 መንገድ ፎር ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ማለትም በ30 ሄርዝ ያሳልፈዋል፤ 60 ግን አይበቃውም። ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላኛው መሰኪያ ግን በ2010 በወጣው 1.2 ጊዜ ነው ፎር ኬን በ60 ሄርዝ ለማሳለፍ የሚበቃ ስፋት ያገኘው። ማለትም ኤችዲኤምአይን ሦስት ዓመት ቀድሞታል።

አሁን ገበያችንን የሞሉትን ላፕቶፖች አስቡ፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ። ኢንቴል ራሱ ስለነዚህ ፕሮሰሰሮች ያወጣውን መረጃ ብታነቡ፣ ለምሳሌ ስለ 6200ዩ ወይም ስለ 8250ዩ፣ በዲስፕሌይ ፖርት 4096 በ2304 በ60 ሄርዝ ይላል። በኤችዲኤምአይ 1.4 ደግሞ ያንኑ መጠን በ24 ሄርዝ ነው የሚለው። አንድ ፕሮሰሰር፣ አንድ ግራፊክስ፣ ሁለት በር። በአንዱ በር ፎር ኬ ተንጣሎ ይወጣል፣ በሌላው ተጨናንቆ ይወጣል። «አይችልም» የተባለው ማሽን በሌላው ጎኑ ይችላል። ከአሥራ አንደኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ነገሩ ቀሏል፤ እነሱ በኤችዲኤምአይም 60 ያወጣሉ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አንዳንድ አምራቾች ተጨማሪ ቺፕ ገጥመው የኤችዲኤምአዩን በር ያሰፉባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ብቻ አይቶ መፍረድም አያዋጣም።

ይሄ ሁሉ ለምን ያንገበግበኛል? ሰፈራችን ውስጥ የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብሩ አንድ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደራሲ ረቂቁን ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ገጽ በገጽ አስተካክለው፣ ፊደል ለቅመው ለማተሚያ ቤት ያዘጋጁታል። የሚሠሩት በዩዝድ ላፕቶፕ ነው፤ ስምንተኛ ጀነሬሽን። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው «አባዬ፣ ዓይንህ ይረፍ» ብላ ባለ 27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር በሰው ላከችላቸው። ጋሼ ደስ ብሏቸው ሰኩት። ምስሉ መጣ፤ ጥራቱም ጉድ ነው። ግን ማውዙ ይጎተታል፣ ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱት ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር።

ጥገና ቤት ወሰዱት። ፍርዱ ያው ሆነ፤ «ግራፊክስ ካርድ የለውም»። የተነገራቸው የጌሚንግ ላፕቶፕ ዋጋ ከግማሽ ዓመት የገጽ ቅንብር ገቢያቸው በላይ ነበር። ዶላር 57 ብር ገደማ ከነበረበት ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ኤሌክትሮኒክስ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ጋሼ ግን ወስነው ነበር። እቁባቸው ሊወጣላቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያ ብር ደግሞ ለትንሹ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነው። «ሥራው ከቆመ ክፍያው ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ሒሳባቸው ልክ ነው። የተሳሳተው ሒሳቡ የተነሳበት መረጃ ነው።

ቤታቸው ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ወረድ ብሎ አድቫንስድ ዲስፕሌይ። እዚያ ላይ ሪፍሬሽ ሬት የሚል አለ። 30 ሄርዝ ይላል። በቃ፣ ምርመራው ያለቀው እዚያው ነው። በ60 ሄርዝ አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ የሚቆየው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በ30 ሲሆን ደግሞ 33። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ እጅና ዓይን ግን ያውቁታል። እጅ ማውዙን አንቀሳቅሶት ዓይን ዘግይቶ ሲያየው ቀን ሙሉ የሚያደክም ነገር ነው።

ጋሼ ራሳቸው ቀደም ብለው አንድ ዩኤስቢ ሲ ላይ የሚሰካ ሀብ ገዝተው ነበር፤ ሳጥኑ ላይ «ፎር ኬ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበት። እሱም ያው 30 ሄርዝ ነው የሰጠው። ለጥገና ቤቱ ይሄ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነለት፤ «አላልኩዎትም? በሁለቱም አልሆነም።» ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ምስል የሚያወጣ ሲሆን ለምስሉ የሚሰጠው አራት መስመር አለው። ብዙ ሀቦች ፍላሽና ሃርድ ዲስክ በፍጥነት እንዲሠራባቸው ሁለቱን መስመር ለዳታ ይወስዱና ለምስሉ ሁለት ብቻ ይተዉለታል። በዚያ ዘመን ላፕቶፖች ላይ በሁለት መስመር የሚያልፈው 8.64 ጊጋቢት ነው። ቅድም ካሰላነው ጋር አስተያዩት፤ ከ12 በታች ነው። መንገዱን ከሁለት ከፍለው ግማሹን ለሌላ መኪና ሰጡት ማለት ነው።

ከአንድ ጓደኛዬ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ ሲ፣ በሌላው ዲስፕሌይ ፖርት የሆነ ቀጥተኛ ኬብል ተውሼ ሰካሁት። አራቱም መስመር ለምስሉ ሆነ። ሴቲንጉ ውስጥ 60 መረጥን። ጋሼ ማውዙን ወዲያ ወዲህ አደረጉና «አሃ! ነፍስ ዘራች!» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ክር ናት እንግዲህ ያን ሁሉ ብር ልታስወጣኝ የነበረችው?» ብለው ጠየቁኝ። እቁቡ ለታሰበለት ነገር ዋለ፤ ኬብሉን ለጓደኛዬ መልሰው የራሳቸውን ገዙ።

ጥገና ቤቱን ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የሸጠው ሰው ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ ችግሩን የከፋ የሚያደርገውም ይሄ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 ያሳተመው የታወቀ ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነበር፤ ሻጩ ስለ ዕቃው ከገዢው የበለጠ ሲያውቅ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ ያሳየበት። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስቱ አንዱ ያደረገውም በዚሁ መስመር የሠራው ሥራ ነው። የኛ የኬብልና የአዳፕተር ገበያ ግን ከሱ መኪና ሰፈርም ይብሳል፤ ገዢውም ሻጩም እኩል የማያውቁበት ገበያ ነው። ሳጥኑ «ፎር ኬ» ይላል። አልዋሸም፤ 30 ሄርዝም ፎር ኬ ነው። ያልተጻፈው ቁጥር ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

አዳፕተር ላይም ያው ወጥመድ አለ። ዲስፕሌይ ፖርትን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩት ትንንሽ ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሲግናሉን ብቻ የሚያስተካክል ነው፤ ላፕቶፑ ራሱ የኤችዲኤምአይ ሲግናል በዲስፕሌይ ፖርቱ ቀዳዳ እንዲያወጣ ያደርጋል። ይሄ ዓይነቱ ቀዳሚው ትውልድ ከፉል ኤችዲ ብዙም አያልፍም፤ ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ ፎር ኬን በ30 ያቆመዋል። ሌላው «አክቲቭ» የሚባለው ነው፤ በውስጡ ቺፕ አለው፣ ዲስፕሌይ ፖርቱን ተቀብሎ ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 ይተረጉማል፣ 60ም ያወጣል። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ይመስላሉ። ሞኒተሩ የዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳ ካለው የኔ ምክር አዳፕተር የሚባል ነገር ውስጥ ጭራሽ አለመግባት ነው፤ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ይሻላል። እንደ ኤሊትቡክ 840 ጂ 3 ያሉት ትልቁ የዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳ አላቸው፤ እንደ ቲንክፓድ ቲ 460 ያሉት ደግሞ ትንሹ፣ ሚኒ የሚባለው። ብዙ ሰው ይህችን ትንሽ ቀዳዳ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ዓመታት አቧራ ይሞላባታል።

ሌላም አለ፤ አንዳንድ ሞኒተሮች በራሳቸው ሜኑ ውስጥ ዲስፕሌይ ፖርቱን 1.1 ላይ አድርገው ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ ከአሮጌ ማሽን ጋር እንዳይጣሉ ነው። ሁሉን ነገር አስተካክላችሁ 60 የሚል ምርጫ ካልመጣ፣ ላፕቶፑን ከመውቀሳችሁ በፊት የሞኒተሩን ቁልፎች ነካክታችሁ ሜኑውን አንብቡ።

እስካሁን ስለ ማውዝ ስናወራ ቆየን፤ ይሄ ሁሉ ጥራት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን እኔም ያን ያህል አልሟገትም ነበር። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚያስቀምጠው በትንንሽ ጭረት ነው። ሸ ከሰ የምትለየው፣ ጀ ከደ የምትለየው፣ ቸ ከተ የምትለየው አናቷ ላይ ባለች ሰረዝ ነው። «ደመረ» እና «ጀመረ» መካከል ያለው ያቺ ሰረዝ ናት። በ24 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ፒክስሎች 92 ገደማ ናቸው፤ ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ሰረዝ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ይደርሳትና ወደ ግራጫ ጥላ ትለወጣለች። ባለ 27 ኢንቹ ፎር ኬ ላይ በአንድ ኢንች 163 ፒክስል አለ። እንደ ጋሼ ያለ ሰው፣ ሥራው ፊደል መልቀም የሆነ፣ ገጹን ሳያጎላ ሙሉውን እያየ ስህተቱን ያገኘዋል። የኛን ቋንቋ የሚጽፍና የሚያርም ሰው ከማንም በላይ ይሄ ጥራት ይገባዋል ባይ ነኝ። የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ መታየቱ አይገባኝም።

ሞኒተሩ ሲሰካ ጽሑፉ የጉንዳን ያህል ማነሱ ሌላው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ለዚህ ስኬል የሚባለውን 150 በመቶ ማድረግ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፎር ኬ በ150 በመቶ ሲሆን ስክሪኑ ላይ የሚገባው የዕቃ ብዛት 2560 በ1440 ከሆነው ሞኒተር ጋር እኩል ነው። የምታተርፉት ስፋት ሳይሆን የፊደሉን ጥራት ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ሰፊ ኤክሴል መዘርጋት ብቻ ከሆነ ባለ 1440ውን ግዙና ገላገሉ። እሱ በ60 ሄርዝ ሲሄድ የኤችዲኤምአይ 1.4 መንገድ ይበቃዋል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ያለብዙ ጣጣ የሚኖርበት ሞኒተር ነው። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው።

ለፍትሕ ሲባል ደግሞ ኢንቴግሬትድ ግራፊክስ የማይችለውንም ልናገር። በፎር ኬ ጌም መጫወት፣ ከባድ የስሪ ዲ ሥራ፣ ኢፌክት የበዛበት ቪዲዮ ማቀናበር፤ እነዚህ ላይ «ግራፊክስ ካርድ የለውም» የሚለው ፍርድ ልክ ነው፤ አትከራከሩ። የዩቲዩብ ፎር ኬ ቪዲዮ ደግሞ መሃል ላይ ነው። ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ 9 የተባለ የቪዲዮ መጭመቂያ ኢንቴል በቺፑ ውስጥ በሙሉ መፍታት የጀመረው ከሰባተኛው ጀነሬሽን ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሸክሙን ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚጥሉት ፋኑ ይጮሃል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ሦስተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ በኤችዲኤምአይ የሚያገኘው ጣሪያ 1920 በ1200 ነው፤ እሱን ፎር ኬ ለማድረግ መድከም አያስፈልግም።

ቁጥር ሳይሆን ብዛት የሚያነቃቸውም አሉ። የአፕል ኤም 1 ላፕቶፖች በ2020 ሲወጡ ግራፊክሳቸው ጉልበታም ነው ተብሎ ተጨበጨበ፤ ጉልበቱም እውነት ነው። ግን ከውጭ የሚቀበሉት ሞኒተር አንድ ብቻ ነው። አንዱ እስከ ሲክስ ኬ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ግን የለም። ዶክ ገዝቶ ሁለት ሞኒተር ሰክቶ አንዱ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ዶኩን የሚራገም ሰው አይቻለሁ። ዶኩ ምን ያድርግ! እዚህም ማነቆው የማስላት አቅም አይደለም፤ መውጫው ነው። በአንጻሩ ተራው የኢንቴል ኢንቴግሬትድ ከ2012 ጀምሮ የራሱን ስክሪን ጨምሮ እስከ ሦስት ይይዛል። ሁለት ሞኒተር በአንድ ኬብል ከዶክ የምታወጡ ከሆነ ግን ሁለቱ አንዱን መንገድ እንደሚካፈሉ አስቡ፤ በዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ሁለት ባለ 1440 ይሄዳሉ፣ ሁለት ፎር ኬ በ60 ግን አይሄዱም።

ለመግዛት የምትወጡ ከሆነ ሻጩን «ግራፊክስ ካርድ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁት። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ያዙና አምራቹ ያወጣውን ዝርዝር በስልካችሁ ፈልጉ፤ ኤችዲኤምአዩ ስንት ነው፣ ዩኤስቢ ሲው ምስል ያወጣል ወይስ ለዳታና ለቻርጅ ብቻ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ወሳኝ ነው፤ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ስላለ ብቻ ምስል ይወጣል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላይ ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ወይም የታንደርቦልት መብረቅ ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ምንም ሳይጻፍበትም ይሠራል። ከተቻለ ሱቁ ውስጥ ካለ የፎር ኬ ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር ጋር ይሰካላችሁና አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ የሄርዙን ቁጥር አንብቡ። ኬብሉን ራሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ኬብል ስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ኬብል አይፈታም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ትልቁ ሞኒተር ይሞታል፣ የከፈታችሁት ሁሉ ተጠራርጎ ትንሿ ስክሪን ላይ ይከመራል። ጋሼ ለዚህ መላ ሲያበጁ፣ ሥራ በጀመሩ ቁጥር የሚያርሙትን ገጽ ትልቁ ላይ፣ የደራሲውን ረቂቅ ትንሿ ላይ ያደርጋሉ። መብራት ሲሄድ ረቂቁን ማንበብ ይቀጥላሉ።